ቪኤይት ሸጦ ቪትዝ መግዛት መውረድ ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ስለ መኪና ነው። ግን እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ክብርና ስለ አምቡላንስም ይሆናል። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ክረምት ላንድ ክሩዘር ስቴሽን ዋገኔን፣ ሁላችንም «ቪኤይት» የምንለውን፣ ሸጬ ባለ 1.3 ሞተር ማኑዋል ቪትዝ ገዛሁ። እኔ ሊብሬውን አዙሬ ከሐዋሳ ሳልመለስ ወሬው ቦሬ ደርሶ ነበር። ግማሹ «ከሰረ» አለ፤ ግማሹ «ቡናው አልሸጥ ብሎት ነው» አለ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በር ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ዕዳ ካለብህ ለእኛ አትነግረንም?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ዕዳ እንዳይኖርብኝ ነው የሸጥኩት» ብላቸው አላመኑኝም። ሲሄዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ለቅሶ እንደደረሱ ሰው ነው የተሰናበቱኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ትልቅ መኪና ሸጦ ትንሽ መግዛት ለምን ለቅሶ ሆነ?

መጀመሪያ ሂሳቡን እናስቀምጥ። ከቦሬ ሐዋሳ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 220። ቪኤይቱ በእኛ ዳገት በ100 ኪሎ ሜትር 14 እና 15 ሊትር ናፍጣ ይጠጣ ነበር። ቪትዙ ከ6 እስከ 7 ሊትር ቤንዚን ይበቃዋል። በአንድ ጉዞ ልዩነቱ 17 ሊትር አካባቢ ነው። ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ በአንድ ጉዞ 1,700 ብር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚመላለስ ነጋዴ 3,400 ብር፣ በዓመት ደግሞ 170,000 ብር ገደማ ማለት ነው። ይህ ነዳጅ ብቻ ነው። ጎማውን፣ ዘይቱን፣ መለዋወጫውን አልነካሁም። ለቪኤይቱ አንድ ጎማ የማወጣው ገንዘብ ለቪትዙ ሦስት ጎማ ይገዛል።

ይህ ሂሳብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሠራ መልሱ ሌላ ነበር። የነዳጅ ድጎማው በሐምሌ 2014 ደረጃ በደረጃ መነሳት ከመጀመሩ በፊት የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ40 ብር በታች ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በ2017 አጋማሽ ቤንዚን በአዲስ አበባ 100 ብርን አለፈ። ወደ እኛ ሲመጣ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ማደያ ሲደርቅ ደግሞ በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጠው ዋጋ ስንት እንደሆነ የአዶላም የነገሌም ሰው ያውቀዋል። ቪኤይቱን የገዛሁት መንግሥት የነዳጁን ግማሽ ሲከፍልልኝ በነበረ ጊዜ ነው። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእኔ ነበር።

«ጉልበቱስ?» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በእውነት እንመልሰው። ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣው ቪኤይት እንደ ስሪቱ ከ230 እስከ 270 የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቱ ግን 2.7 ቶን ገደማ ነው። ቪትዙ 87 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዞ ክብደቱ አንድ ቶን አካባቢ ነው። ጉልበቱን ለክብደቱ ብናካፍለው ቪኤይቱ ለአንድ ቶን ከ85 እስከ 100፣ ቪትዙ 87 ይደርሳቸዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ያን ያህል አይራራቁም። ያ ሁሉ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው የራሱን አካል ነው።

በወረቀት ያለው ግን ቦሬ ላይ እንዳለ አይገኝም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የእኔ ቪትዝ በወረቀት 87 ቢኖረውም ሀገረ ሰላም ሲደርስ ወደ 65 ይወርዳል። ቪኤይቱ ሁለት ተርቦ ስላለው ይህ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ ዳገት ላይ ቪኤይት ይበልጣል፤ አልዋሽም። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ አይሱዙ ለመቅደም ስለፋ ብዙ ጊዜ ናፍቆኛል።

ግን መንገዱ ያን ጉልበት መቼ ያስጠቅማል? ጠዋት ጉም ነው፤ አሥር ሜትር አያሳይም። ከጉሙ ስንወጣ ላምና በግ ነው። ከዚያ ጥምዝ ነው፤ ከዚያ ባጃጅ ነው። በዚህ መንገድ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚቆምና በቀላሉ የሚታጠፍ መኪና ነው። ከቦሬ ወደ አዶላ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል እንወርዳለን። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የሚውጠው ሙቀት ከመኪናው ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ለቪኤይቱ የሦስት ቪትዝ ያህል ሸክም ነው። እርግጥ ፍሬኑም ትልቅ ነው። ነገር ግን ያረጀ ሸራና ችኩል ሹፌር ሲጨመርበት ክብደት ይቅር አይልም። ቪትዙን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እግሬን ከፍሬን ላይ አንስቼ እወርዳለሁ። ከመኪናው ጋር ሳልታገል የምነዳበት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ደስ ይላል። ይህንም መደበቅ አልፈልግም፤ ትንሽ መኪና መንዳት ደስ ይላል።

ሌላውን ጎን ካልነገርኳችሁ ግን ጽሑፉ ማስታወቂያ ይሆናል። አንድ ቶን መኪና አምስትና አሥር ቶን ከሚጭን «አልቃይዳ» ጋር ቢጋጭ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ትልቅ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ከግጭት የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው፤ ክፍያውን ግን ሌላኛው ይከፍላል። ሁሉም ሰው ራሱን ለማዳን ትልልቁን ከገዛ፣ በእግሩና በባጃጅ የሚሄደውን ማን ያድነዋል? በእኛ አካባቢ የሚገድለው ደግሞ የመኪና ማነስ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በጎረቤታችን በሲዳማ፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ያለቀበትን ቀን ማን ይረሳል? ለዕቃ የተሠራ መኪና ሰው ጭኖ ነበር። መኪና የሚለካው በትልቅነቱ ሳይሆን ለምን ሥራ እንደዋለ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የከበደኝን ልንገራችሁ። መኪናውን ከሸጥኩ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ። አንዲት እናት ገጠር ውስጥ ምጥ ይዟታል፤ አምቡላንስ ተደውሎ አልተገኘም። ቪኤይቱ እያለ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ተነስቼ እሄድ ነበር፤ ጭቃውን፣ ድንጋዩን፣ ወንዙን እየጣሰ በር ድረስ ይገባ ነበር። ቪትዙ ግን ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ስንዝር አይሞላም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጠበቅኩ። ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው ሁለት ሰዓት ያህል በጭቃ ተጉዘው አመጧት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኔ ግን በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ መኪናዬን በመሸጤ ራሴን ስረግም ነው የቆየሁት።

ሲነጋ ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። የአንድ ቀበሌ እናቶች ነፍስ በአንድ የቡና ነጋዴ ኪስ ላይ ለምን ተንጠለጠለ? እኔ ቡናው ከከሰረ፣ ወይም ወደ ሐዋሳ ከሄድኩ፣ ወይም ስልኬ ከተዘጋ ያቺ እናት ምን ልትሆን ነው? የእኔ ቪኤይት ለዓመታት አንድ ቀዳዳ ሸፍኖ ኖሯል። ሲነሳ ቀዳዳው ታየ። መፍትሔው እኔ ቪኤይቱን መልሼ መግዛቴ አይደለም። ጭቃ የሚጥስ መኪና መቆም ያለበት ጤና ጣቢያ ደጃፍ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የአደባባይ ጉዳይ የሚሆነው። ስብሰባ ባለበት ቀን ሆቴል ደጃፍ ላይ የሚደረደሩትን ነጫጭ ስቴሽን ዋገኖች ቁጠሩ። አብዛኞቹ የመጡት በአስፋልት ነው። ሰብሳቢው ከከተማ ከተማ በአስፋልት የሚሄድበት ባለ 2.7 ቶን መኪና፣ አዋላጇ ነርስ ጭቃ ውስጥ የምትሄድበት የእግር ጫማ! ይህ አደላደል የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ደቡቦች ደግሞ ከሹሙና ከእርዳታ ድርጅቱ መኪና አይተን «ትልቅ ሰው ማለት ትልቅ መኪና» የሚለውን ተምረናል። ያ ሽማግሌ ትከሻዬን የመቱት በዚህ ትምህርት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አዲስ መኪናን በሞተሩ መጠን ነበር የለየው። እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ስለደረሰ ብዙ ተጮኸበት። ግን ውስጡ አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ነበረው፤ ትንሽ ግዛ፣ ትንሽ ክፈል የሚል። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ኤሌክትሪክ ብቻ ሆነ። ሐሳቡን አልቃወምም። በዶላር ነዳጅ ከምንገዛ በራሳችን ውኃ በመነጨ መብራት ብንሄድ ይሻላል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ የቦሬ ከፍታ አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለእኛ ተራራ የተሠራ ይመስላል።

ችግሩ ለኤሌክትሪክ የተሰጠው ማበረታቻ ክብደትን ረሳው። ያለቀለት ኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ 15 በመቶ ሲባል፣ ከሁለት ቶን በላይ ለሚመዝነው አይዲ 4ም ለትንሿ ሲጋልም ያው ነበር። ውጤቱ አዲስ አበባ ላይ ይታያል። ቪኤይት መግዛት ያቃተው ትልቅ ኤሌክትሪክ ገዛ፤ ያው የድሮ ክብር በባትሪ ሆነ። መንግሥት የድሮውን የሲሲ ሐሳብ በኪሎ ቢመልሰው፣ ቀላሉ ትንሽ ከባዱ ብዙ ቢከፍል፣ ባትሪም መንገድም ዶላርም ይቆጠባል። ከሐዋሳ ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የታመነ ኃይል መሙያ ይኑር። ያኔ ቀጣዩ ለውጤ ወደ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሆናል። እስከዚያ ቪትዙ ጋር ነኝ።

«ክብርስ?» ለምትሉኝ፣ መልሱን ከቦረና አርብቶ አደር ተማሩ። በቦረና ከብት ሀብት ብቻ አይደለም፤ ስምም ነው፣ ማዕረግም ነው። አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ግን ያ ሁሉ ከብት አለቀ። ድርቅ እየደጋገመ ሲያስተምረው ብዙው አርብቶ አደር ወደ ግመልና ወደ ፍየል አዘንብሏል። ወረደ ያለው የለም። ሣር በሌለበት ሣር የሚፈልግ እንስሳ ማብዛት ኪሳራ መሆኑን ስላወቀ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ነዳጅ በሌለበት ነዳጅ የሚፈልግ መኪና እናበዛለን፤ ከዚያ እሱን «ኋላ ቀር» እንለዋለን።

ሁላችሁም ቪትዝ ግዙ አላልኩም። ሻኪሶ ጫካ ውስጥ የሚሠራ፣ በየቀኑ ገጠር የሚገባ፣ ዘጠኝ ቤተሰብ የሚጭን ሰው ፎር ዊሉን ይያዝ። እኔም ገጠር ቡና ሳወርድ ፒክአፕ እከራያለሁ፤ በወር ሁለት ቀን ነው። የምለው፣ በወር ለሁለት ቀን ብላችሁ ሃያ ስምንት ቀን ሁለት ቶን ትርፍ ብረት አትጎትቱ ነው። ደላላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ ወር ጉዞአችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሊትር። ወረቀቱ ቪኤይት ካለ ቪኤይት ይሁን።

ጎረቤቴ ሽማግሌው አሁንም አልተስማሙም። ባለፈው የገበያ ቀን ግን ሀገረ ሰላም ድረስ አብረን ሄድን። ጉልበታቸውን አጥፈው ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ ዝም አሉ። ሲወርዱ «ጠባብ ነው» አሉኝ። ነውም። የምትሉትን ከታች ጻፉልኝ፤ የነገሌና የአዶላ ሰዎች በተለይ የእናንተን ሂሳብ ማየት እፈልጋለሁ።