ማስተርስ ዳግመኛ ሽምደዳ አይሁን!

ወንድሞችና እኅቶች! የሳይንስ ማስተርስ ስንጀምር የጠበቅነው ምርምር ነበር፤ ያገኘነው ግን ያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ያው ሽምደዳ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልቃል፤ ቤተ ሙከራ የምንገባው የመመረቂያው ጽሑፍ ሲደርስ ነው። «ዲግሪው ደመወዝ ካስጨመረ ምን ቸገራችሁ?» የሚሉን አሉ። ቸግሮናል እንጂ! ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «ለምን?» ብለው መረመሩ፤ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሽምደዳ አይወልደውም። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ሙከራው ከመጀመሪያው መንፈቅ ይጀመር! ተማሪ ሆይ፣ አንተም ማርክ መለመኑን ትተህ «ለምን?» ማለትን ልመድ! ጠያቂ የሌለበት ዲግሪ ለአገር ወረቀት ብቻ ነው እንላለን።