ትርፌ ሳሎን፣ ሠራተኛችን ጓዳ

እኔ የምለው… ሰብለ ተፈራን በስሟ የምናውቃት ስንቶቻችን ነን? «ትርፌ» ሲባል ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ፈገግ ይላል። መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ማረፏ ሲሰማ እኛ ሰፈር «ሰብለ ሞተች» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም «ትርፌ ሞተች» ነው ያለው። የዓመት በዓሉ ዶሮ ቀርቦ ሳለ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው እጃቸውን ከትሪው የሰበሰቡ እናቶች አውቃለሁ። በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ የሚያውቋትን ሴት ማለቴ ነው። ለአንዲት ተዋናይት ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይመጣል? በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ነው። ለመሆኑ ትርፌ «ቤቶች» ድራማ ላይ ማን ነበረች? የቤት ሠራተኛ! አዎ፣ ያቺ የምንወዳት፣ የምንስቅላት፣ አነጋገሯን የምንቀዳው፣ የሞተች ዕለት ያለቀስንላት ትርፌ የቤት ሠራተኛ ናት። እና እኛ ሶፋው ላይ ተዘርግተን ትርፌን ስናይ የእኛዋ ሠራተኛ የት ነበረች? ጓዳ! ሽንኩርት እየላጠች። ካልሆነም በሩ ላይ ቆማ፣ ሳህን በእጇ እንደያዘች፣ አንገቷን አስግጋ። «ነይ ቁጭ ብለሽ እይ» ያላት ቤት ካለ ብፁዕ ነው፤ እኔ ብዙ አላየሁም። በቴሌቪዥን ያለችዋን ሠራተኛ ሳሎን አስገብተን የቤታችንን ደጃፍ ላይ አቁመን ሳቅን እኮ፣ እናንተዬ!

ሰብለ ከዚያ ድራማ በፊትም ቢሆን ሥራ አልፈታችም። በኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ይተላለፍ በነበረው «ትንንሽ ፀሐዮች» የሬዲዮ ድራማ ላይ «እማማ ጨቤ» ነበረች። ሬዲዮ መልክ አያሳይ፣ ልብስ አያሳይ፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። በድምፅ ብቻ አንዲት አሮጊት ፈጥራ ታክሲ ውስጥ በመንገዱ መዘጋጋት ሲበሳጭ የቆየውን ተሳፋሪ ታስቀው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዷ አሮጊት፣ አንዷ ሠራተኛ። ይህ ከተማ ሲናገሩ ጆሮ የማይሰጣቸው ሁለት ሴቶች! «ዝም በይ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ» የሚባሉ። ሰብለ ሁለቱንም ሕዝብ ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጣቸው አደረገች። ይሄንን ነው እኔ ችሎታ የምለው።

«ኧረ ተወን፣ ሳቅ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ድራማው ካስለቀሳቸው «ጥበብ» ይሉታል፤ ካሳቃቸው «ቧልት»። ድሮም ልማዳችን ነው። በመጀመሪያዎቹ የቴአትር ዘመኖቻችን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ሴቷ ራሷ መድረክ ላይ ስትወጣ ከጭብጨባው እኩል ስድቡም ይከተላታል። መስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ፣ ተዋናይቷና ክራር ደርዳሪዋ፣ ያንን ዘመን ተሻግራ የመጣች ናት። ዛሬ ስሟን ከንፈር እየመጠጥን እናነሳለን። ኪነ ጥበብ ውስጥ የገባች ሴት እኛ ዘንድ የምትከበረው ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ነው ልበል? (ቀብር ላይ ንግግር የማሳመር ችሎታችን ለሕያዋን ቢተርፍ ኖሮ የት በደረስን!)

ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው ይመጣሉ። «ሠራተኛን ማላገጫ አደረጉብን፣ ክብር ነክ ነው» ይላሉ። ይሄኛው ክርክር መልስ ይገባዋል። እውነት ነው፤ በየፊልሙና በየድራማው የምናያት ሠራተኛ ወይ ትሪ ይዛ ትገባና «እትዬ፣ ሻይ ላምጣ?» ብላ ትወጣለች፣ ወይ ብርጭቆ ትሰብራለች፣ ወይ ከዘበኛው ጋር ትያዛለች። በቃ። ስም እንኳ የማይሰጣት ብዙ ናት። ትርፌ ግን ሻይ አቅርባ አልወጣችም። ክፍሉ ውስጥ ቀረች። አፍ አላት፣ አስተያየት አላት፣ የቤቱን ጉዳይ የኔ ጉዳይ ነው ትላለች። ድራማው ትርፌን ቢያወጧት ቤቱ ኦና እስኪመስል ድረስ በእሷ ይሞላ ነበር። ሳቁ በእሷ ላይ ብቻ የወደቀ ሳቅ አልነበረም። የእሷን አነጋገር ቀድቶ የራሱን ቤት ሠራተኛ ማብሸቂያ ያደረገው ተመልካቹ ነው። ተመልካቹ ለሠራው ተዋናይቷን ምን አስጠየቃት?

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጅቷ በደላላ በኩል ከገጠር ትመጣለች። ተያዥ አምጪ ትባላለች። ስሟ ጥሩነሽ ይሁን አበባ ማንም ግድ አይሰጠው፤ «ማሚቴ» ትባላለች። ከሁሉ በፊት ተነስታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። የምትተኛበት ደግሞ ጓዳ ነው፣ ከሽንኩርቱና ከከሰሉ ጋር። ደመወዟን «እንዳታባክኚው» ተብላ እመቤቲቱ ጋ ታስቀምጣለች፤ ለመውጣት ስትጠይቅ የተሰበረው ብርጭቆና የጠፋው ማንኪያ ተቀንሶ ይሰጣታል። የማታ ትምህርት ልግባ ካለች «አፍ አወጣች» ነው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ለመምጣት ሰዓት ተቆርጦላት ትሄዳለች። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ደግሞ በክፉ ሰዎች አይደለም፤ በደጋግ፣ በጾመኛ፣ ዕድርና ማኅበር በማያስታጉሉ ሰዎች ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይሏችኋል። ኧረ ልጃቸው የት ነው የሚተኛው?

ሕጉስ? ሕጉማ ከእኛ አይሻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ወጣ፤ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወጣ፤ እሱም አይመለከትም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ተባለ። 15 ዓመት ተቆጠረና አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መጣ። አሁንም የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጪ፣ አሁንም «ደንብ ይወጣል»። የቀራቸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች አሉት። ማጀት ያለችው ልጅ እነሱን ይዛ ፍርድ ቤት ትቆማለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ እጁን ያውጣ! ፋብሪካ ውስጥ ክር የምትፈትል ልጅ የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ በሕግ ተጽፎላታል። እህቷ ግን የምትሠራው «ቤት» ስለሆነ ሥራዋ ሥራ አልተባለም።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። በ2004 ዓ.ም. አንዲት እህታችን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ስትጎተት የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሕይወቷ ማለፉ ሲሰማ፣ አገር ደሙ ፈላ። ተገቢ ቁጣ ነበር። «ፓስፖርቷን ይቀሟታል፣ በር ይቆልፉባታል፣ ደመወዟን ይከለክሏታል» አልን። እስቲ በፓስፖርት ፋንታ መታወቂያ በሉና ዓረፍተ ነገሩን ደግማችሁ አንብቡት! ቤይሩት ወይም ጅዳ የምትሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ የእኛው ማጀት ውስጥ ሠርታ ነው የምትሄደው። «እዚያ ይሻለኛል» ያሰኛት ምን እንደሆነ ማን ጠይቋት ያውቃል?

ይህን ሰሞኑን ቡና ላይ ሳነሳ አንዲት ጎረቤቴ ተቆጡ። «እና ሠራተኛዬን ሶፋ ላይ ላስቀምጣት ነው የምትለኝ?» አዎ እትዬ፣ ነው የምለው። ሶፋውም ብቻ አይደለም። ደመወዟ በየወሩ በእጇ ይሰጣት፤ ከፈለገች ባንክ ደብተር ይከፈትላት። የሚዘጋ በር ያለው መኝታ ይኑራት። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የራሷ ይሁን፤ ሰዓት የተቆረጠለት ቀን ሳይሆን ሙሉ ቀን። ማታ ትማር። «ስታውቅ ትሄድብኛለች» አሉኝ። ትሂድ! ሌሎቻችን የተሻለ ሥራ ስናገኝ መልቀቂያ አስገብተን እንሄድ የለም እንዴ?

«ቤቶች» ዛሬም በዩቲዩብ ይታያል። በስንት ቤት ትርፌ ገና ሳሎን ውስጥ ናት፤ አፏን ከፍታ የልቧን ትናገራለች፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይስቃል። ከበሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ ግን ገና አልተቀመጠችም።