ስልክ ዘግቶ መጥፋት መልቀቂያ አይደለም

ርብና ጉማራ ፎገራ ሜዳ ላይ የተኙበት ውኃ መጉደል ሲጀምር፣ ያቆረው ኩሬ ትንኝ ይፈለፍላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው። ሩዝ ማሳ ውስጥ የከረመው ሰው እየተንቀጠቀጠ ወረታ የሚገባው፣ በየግል ክሊኒኩ ደጃፍ ወረፋ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። ትምህርት የሚከፈተውም በዚያው ሰሞን!

የማታ ተረኛው ነርስ ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ሊማር ነው። እሰይ፣ ይማር። ለባለቤቱ ግን ትንፍሽ አይልም። ሐሙስ አድሮ ይወጣል፤ ዓርብ ስልኩ ዝግ ነው። «ባለቤቱ ይጨነቅበት» ማለት ቀላል ነው። ያን ሌሊት በሩን የሚያንኳኳው ግን ትኩሳት የያዘው ልጁን አቅፎ በባጃጅ የመጣ ገበሬ ነው።

«የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፣ ምን አለበት?» ይባላል። ሥራው የትርፍ ሰዓት ይሁን፤ የትርፍ ሰዓት በሽተኛ ግን የለም።

ሕጉም ቢሆን ማንንም አስሮ አያስቀምጥም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህን ያነበቡ የክሊኒክ ባለቤቶች ቶሎ ደስ አይበላቸው። ሠራተኛው ተደብቆ መሄድን ከየት ተማረ? ቀድሞ የተናገረው ጓደኛው በማግስቱ ተረኝነቱን ሲነጠቅ፣ የመጨረሻ ደመወዙን «ሒሳብ ይዘጋና» ሲባል፣ ለሥራ ልምድ ወረቀት ሦስቴ ተመላልሶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቶ ነው። ያው አዋጅ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት እንዲጠናቀቅ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውም በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀቱን እንደ መያዣ ይዞ ስለ ጨዋነት የሚሰብክ «ዶክተር» (በየከተማው ክሊኒክ ያለው ሁሉ ዶክተር ነው) መጀመሪያ መሳቢያውን ይክፈት።

የእነሱ ጥፋት ግን ለመጥፋት ፈቃድ አይሆንም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ አንዱ ምክንያት ነበር። እዚያ ለመማር ብሎ በወባ ወቅት ተራውን ጥሎ የሚኮበልል የጤና ባለሙያ ያስተዛዝባል።

«የጥሪው ቀን ድንገት ነው የሚወጣው» የሚለው እውነት አለው። ቢሆንም ማመልከቻው የገባው ድንገት አይደለም። ነሐሴ ላይ «ዶክተር፣ ትምህርት አመልክቻለሁ፤ ቀኑ አልታወቀም፤ ከወጣሁ ተተኪ ያስፈልግዎታል» ማለት ምን ያስከፍላል? መጀመሪያ በአካል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፦ የመጨረሻው ተረኝነት ቀን፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቁልፍ የሚረከበው ሰው ስም፣ አንድ መስመር ምስጋና። ቅጂው ላይ ደግሞ የተቀባይ ፊርማና ቀን።