ሽቶው በነፃ ነው፣ ኮዱን ብቻ ላኪ

«ለበዓሉ 3 ዕድለኞች! ኦሪጅናል ሻኔል ቁጥር 5! ቻናሉን ጆይን በሉ፣ 10 ጓደኛ አድ አድርጉ፣ ከተማችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉ።»

እንዲህ ያለ ፖስት ያላየ የቴሌግራም ተጠቃሚ ያለ አይመስልም። እንጅባራም፣ ዳንግላም ይደርሳል። የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦበት በቆየ አካባቢ፣ ያቺን በስንት መከራ የተገዛች ፓኬጅ ሰው በመጋበዝ የሚጨርሷት ብዙ ናቸው። ሴቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለእጮኛው ስጦታ ያሰበ ወንድም አለበት።

ሽቶው መፈለጉ አያስገርምም። ኮኮ ሻኔል ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ የቀመመላት ሞስኮ የተወለደው ኧርነስት ቦ። የፈረንሳይዋ የግራስ ከተማ ጃስሚንና ጽጌረዳ ይገባበታል። ጠረኑን ከሚያጸኑለት ነገሮች አንዱ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ዝባድ ነበር። ከጥርኝ የሚገኘውን ይህን ቅመም ለዓለም ገበያ በዋናነት ስታቀርብ የኖረችው ኢትዮጵያ ናት። ዛሬ 50 ሚሊ ሊትሩ ከ100 ዶላር በላይ ያወጣል፤ በእኛ ብር ከ10 ሺህ በላይ ማለት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ለማያውቀው ሰው የሚያድል ማነው? ምን አግኝቶ?

ሻኔል ራሷም በነፃ አድላለች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ለአሜሪካ ወታደሮች ሽቶው በነፃ እንደሚሰጥ አስለጠፈች፣ እነሱም ሱቋ ደጅ ተሰለፉ። በጦርነቱ ወቅት ከጀርመን መኮንን ጋር በነበራት ግንኙነት የምትጠየቅበት ጊዜ ነበርና ወዳጅ ያስፈልጋት ነበር። ቢያንስ ወታደሮቹ ጠርሙሱን ይዘው ሄደዋል።

የዛሬው አዳይ የሚፈልገው ሌላ ነው። ገሩ፣ ተከታይ ሰብስቦ ቻናሉን ይሸጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ስሙ ተቀይሮ የውርርድ ማስታወቂያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ክፉው ግን በውስጥ መስመር ይመጣል፦ «እንኳን ደስ አለሽ! ለማጓጓዣ ትንሽ ብር በቴሌብር ላኪ።» ወይም «ስልክሽ ላይ የደረሰውን ኮድ ላኪልን።» ኮዱ የአካውንቷ ቁልፍ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ በእሷ ስምና በእሷ ፎቶ «አክስቴ፣ ቸግሮኝ ነው፣ 5 ሺህ ብር ላኪልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ለዘመድ አዝማድ ይበተናል። አክስት ደግሞ አትጠራጠርም፤ ትልካለች።

ዕቁብ የሚገባ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱም ምን እንደተዋዋለ ያውቃል፣ ይፈርማል፣ ሰውየው ቢጠፋ እሱ ይጠየቃል። ጊቭአዌይ ላይ ዋሷ ያቺው 10 ሰው አድ ያደረገችው ልጅ ናት፤ ማንም ሳያስፈርማት። ጓደኞቿ የገቡት ቻናሉን አምነው ሳይሆን እሷን አምነው ነው። ከተበላች በኋላ «ስግብግብነቷ ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ከብሩ ይልቅ የሚከብዳት በየቤቱ እየደወለች «እኔ አይደለሁም» ማለቱ ነው።

በሐቅ የሚሸልም ነጋዴ የለም ማለት አይደለም። አለ። ደጁ የሚታወቅ ሱቅ አለው፣ «መጥታችሁ ውሰዱ» ይላል፣ ኮድም የማጓጓዣም አይጠይቅም።

ለቀረው፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚል አለ። እሱ ላይ የይለፍ ቃል ካስገባችሁ፣ ኮዱ በስህተት ቢወጣ እንኳ ሌባው የይለፍ ቃሉን ይጠየቃል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለአክስትም ስልክ ላይ አድርጉላት።