ክለብ የለኝም፤ ድፎ ዳቦ ግን አለኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይመልሱ የማያመልጡት አንድ ጥያቄ አለ። «የማን ደጋፊ ነህ?» ታክሲ ውስጥ ትጠየቃለህ። ፀጉር ቤት ትጠየቃለህ። ልታገባት ያሰብካት ልጅ ወንድም ማኪያቶ ይጋብዝህና ገና ስኳሩን ሳታማስል ይጠይቅሃል። መልሱ ደግሞ ከጥቂት የእንግሊዝ ክለቦች የአንዱ ስም መሆን አለበት። «አርሴናል» ካልክ ይቀለድብሃል፤ «ማንቼ» ካልክም ይቀለድብሃል፤ ቢሆንም ሰው ነህ። «የማንም አይደለሁም፣ ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው የማየው» ያልክ ዕለት ግን ጉድህ ፈላ! ጠያቂው ሃይማኖትህን የደበቅከው ይመስል ከላይ እስከ ታች ያይሃል።

እኔ የማንም አይደለሁም። ቤቴ ውስጥ ለቤቴ ሰው ዳቦ እጋግራለሁ፤ ኳስ አያለሁ፤ ሩጫ አያለሁ፤ ኦሎምፒክ ሲመጣ ደግሞ ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራውን ስፖርት ሁሉ አያለሁ። ዛሬ የምሟገተው ለቢጤዎቼ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ የማወቅ ጉጉቱን ብቻ ይዞ የመጣ ተመልካች ግማሽ ተመልካች አይደለም፣ ሙሉ ነው። በር ላይ ቆመው ፈተና የሚያወጡት «እውነተኛ ደጋፊዎች» ደግሞ በስፖርት ፍቅር ስም ስፖርቱን እየጎዱት ነው።

ፈተናውን ላልቀመሳችሁ ላስረዳ። ወንድ ከሆንክ የሚጀምረው በታሪክ ነው፤ እገሌ በየትኛው ዓመት ስንት ጎል አገባ፣ እገሌ ከየት ክለብ በስንት ተገዛ። ሴት ከሆንሽ ደግሞ ከ«ኦፍሳይድ ምንድን ነው?» ይጀመራል። ልብ በሉ፣ አጠገቧ አፉን ከፍቶ የሚያየውን ወንድ ይህን የሚጠይቀው የለም። እስቲ ለለውጥ ያህል እኛ ደግሞ ፈታኞቹን እንጠይቅ። ኳሱ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ ለተጫዋቹ ቢደርሰው ኦፍሳይድ አለ? የለም። ከማዕዘን ምትስ? የለም። ኳሱ ሲለቀቅ ተጫዋቹ በራሱ የሜዳ አጋማሽ ከነበረስ? አሁንም የለም። ሦስቱንም ሳያመነታ የሚመልስ ፈታኝ ካገኛችሁ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ስንቶቹ ዳኛውን ሲሳደቡ የሚያመሹት ራሳቸው በማያውቁት ሕግ መሆኑን ዲኤስቲቪ ቤት አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ዳቦው ልምጣ። ቤታችሁ ድፎ ስትደፉ «የየትኛው ዳቦ ቤት ደጋፊ ነሽ?» ያላችሁ ሰው አለ? «የ1995ቱን ሊጥ ታስታውሻለሽ?» ብሎ የፈተናችሁስ? የለም። ጎረቤት ይመጣል፣ ይቆርሳል፣ «እርሾው ትንሽ በዝቷል» ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይቆርሳል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጋግሩ ደመወዝ የከፈላቸው፣ ዲፕሎማ የሰጣቸው የለም። እንዲያም ሆኖ «የምራቸውን አይደለም» የሚል ደፋር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ለደስታ የሚሠራ ነገር እንደ ዋዛ የሚሠራ ነገር ማለት እንዳልሆነ ማጀት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌቪዥኑ ፊት ስንቀመጥ ነው የሚጠፋን።

በነገራችን ላይ ድፎና ማራቶን የተፈጠሩት አንድ ላይ ለመዋል ይመስለኛል። የወንዶቹ ማራቶን ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። መነሻው ሲተኮስ በሱቅ እርሾ ያቦካችሁትን ሊጥ ትከድኑታላችሁ። ሯጮቹ ግማሹን መንገድ ሲያልፉ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኗል፤ ሊጡም ኩፍ ብሏል። ኮባውን አንጥፋችሁ ትገለብጡታላችሁ። 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ማለትም እውነተኛው ውድድር ሲጀመር፣ ኦቨን ውስጥ ይገባል። አሸናፊው ክሩን ሲበጥስ ቤቱ በኮባና በጥቁር አዝሙድ ሽታ ተሞልቷል። እጅ ሥራ ላይ፣ ዓይን ሩጫ ላይ። «ይህ ምኑ ስፖርት ማየት ነው?» የሚለኝ ሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ የሌላ ጨዋታ ውጤት ሲቆጣጠር የሚያመሽ ሰው ነው።

ጉጉት ደግሞ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ሊጥ ውስጥ ያለው አየር በቀላሉ ይነፋል፤ ለቆላ አገር የተጻፈ የዳቦ መመሪያ «አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቁ» ካለ እኛ ቀደም ብለን ክዳኑን ማንሳት አለብን። ያው ስስ አየር ነው እንግዲህ ደጋ ላይ ያደገን ሰው ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት የሚያስገድደው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡባት በቆጂ ደግሞ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። ሊጤን ያስቸኮለውና ለሯጮቹ ትንፋሽ የሰጠው አንድ አየር ነው። ይህን የነገረኝ «እውነተኛ ደጋፊ» የለም። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው ያደረሰኝ።

ክለብ ወይም ባንዲራ ብቻ ይዞ የሚያይ ሰው የሚያመልጠውን እንቁጠር። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን አሸነፈ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ልዩነቱ ግን 0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሰከንድ ነው። ሁለት ሰዎች 25 ዙር ሮጠው ከመቶ ሜትረኞች በባሰ ተጠጋግተው ጨረሱ! «አሸነፍን» ብሎ ተነስቶ የሄደ ሰው ይህን አላየም፤ ያየው ሰሌዳ ነው።

ነሐሴ 1984 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ለ32 ዓመታት ከኦሎምፒክ ርቃ የተመለሰችላት ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። የማታውቀውን የተሸነፈች ሯጭ ለማየት ቴሌቪዥኑን ሳያጠፋ የቆየ ሰው ነው ያን ዙር ያገኘው።

በ2016 ፓሪስ ላይ አንድ ወርቅና ሦስት ብር አመጣን። ሰፈሩ ግን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ወርቁን ያመጣው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲቀር ገባና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ጽጌ ዱጉማ የረጅም ርቀት አገር በምንባለው በእኛ ስም በ800 ሜትር ብር ወሰደች። ትዕግሥት አሰፋ ማራቶኑን በ3 ሰከንድ ተቀደመች። የቀደመቻት ሲፋን ሐሰን በዚያው ኦሎምፒክ 5,000ውንም 10,000ውንም ሮጣ ሁለት ነሐስ አንጠልጥላ የመጣች ናት። ትዕግሥት ራሷ በ2008 ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ መስከረም 2016 በርሊን ላይ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራለች። እንዲህ ያለ ነገር በተከታታይ ቀናት እያየ «ዘንድሮ አዋረዱን» የሚል ሰው ስፖርት ይወዳል ልበል? ይህ ሰው የሚወደው ማሸነፍን ነው፤ ሁለቱ ዘመድ ቢሆኑም አንድ አይደሉም።

የውርርዱን ነገር ደግሞ አንርሳ። ከደጋፊዎች ሁሉ በላይ «የምሬን ነው» የሚለው ቲኬት የቆረጠው ነው። ስሙን ለመጥራት ምላሱ የሚተሳሰርበትን የአንድ ሩቅ አገር ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያጠናል፤ ጎሉን ግን አያየውም፣ የሚያየው ቁጥሩን ነው። «አንድ ጨዋታ አበላሸብኝ» ሲል ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ ጨዋታው እያወራ አይደለም። እኛን «ለመዝናናት ብቻ የምታዩ» እያለ የሚንቀን ይኸው ወንድማችን ነው። አዎ፣ ለመዝናናት ነው! ቢያንስ የወር አስቤዛችንን ይዘን ቤታችን እንገባለን።

ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ፣ መረብ ኳስ ወይም የ3,000 ሜትር መሰናክል ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ሲቀመጥ የማንም ደጋፊ አይደለም። ሊሆንም አይችልም፤ ገና ማን ማን እንደሆነ አያውቅማ! መሰናክሉ 28 አጥርና 7 የውሃ ዝላይ እንዳለው የሚያውቀው ካየ በኋላ ነው። እንግዲህ ክለብ የሌለው ተመልካች መሳቂያ ከሆነ፣ አዲስ ስፖርት በር የሚያንኳኳው ማን ቤት ነው? ሁላችንም በሁለት ሦስት የእንግሊዝ ክለቦች ዙሪያ ተኮልኩለን እንቀራለን፤ የራሳችን ሴት ተጫዋቾች ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታሉ። በ1954 የአፍሪካ ዋንጫን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን አነሳን። ሰኔ 2014 ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አልነበረንምና «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። የለንደንን ስታዲየሞች መቀመጫ በቃሉ የሚቆጥር ደጋፊ በሞላበት ከተማ ይህ ነገር ከአንድ ሳምንት በላይ ሲያነጋግር አልሰማሁም።

«ታዲያ ታማኝነትስ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በዝናብ ቆሞ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ለኢትዮጵያ ቡና የሚዘምረውን፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኸውን ልጅ አከብረዋለሁ። ያለ እሱ ስታዲየም መቃብር ነው። ድፎ እየጋገርኩ የማየው ሩጫና ጨዋታም በእንደ እሱ ዓይነት ሰዎች ጉልበት እንደቆመ አልክድም። ነገር ግን ይህ ልጅ ከእናቱ ማህፀን ማሊያ ለብሶ አልወጣም። አንድ ቀን አባቱ ወይም አጎቱ እጁን ይዞ ወሰደው፤ ምንም ሳያውቅ ዝም ብሎ አየ፤ ደስ አለው። ያን ዕለት በሩ ላይ «የ1954ቱን አሰላለፍ ንገረኝ» የሚል ዘበኛ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የሚዘምር አይኖርም ነበር። ታማኝነት እንደ ዳቦ ነው፤ እርሾው ጉጉት ነው። እርሾውን እየደፋችሁ «ለምን አልነፋም?» አትበሉን።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከታላቁ ሩጫ የተሻለ የለኝም። ኅዳር 1994 ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ሮጠበት፤ ያሸነፈውም ሐሳቡን ያመነጨው ኃይሌ ራሱ ነበር። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይወጣበታል። አብዛኛው ይራመዳል፣ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ውሃ ይረጫጫል። ፊት ያሉት አትሌቶች 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ላባቸውን ሲያደርቁ ገና መንገድ ያልጀመረ አለ። «አንተ ኃይሌ አይደለህም፣ ውጣ!» ያለው አለ? የለም። በሩጫ እንዲህ ለጋስ የሆነ ሕዝብ በማየት ላይ ለምን ይቆነቁናል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ኦፍሳይድ የማታውቀዋን ልጅ ከመፈተናችሁ በፊት አስረዷት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ማን አሸነፈ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነበር?» በሉ። በወር አንድ ቀን የማንም ያልሆናችሁበትን ጨዋታ እዩ፤ የሚገድላችሁ ነገር የለም። «የማን ደጋፊ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ጡረታ አውጡልንና በምትኩ «ምን አየህ?» በሉን። እኛ ብዙ አይተናል፣ እንነግራችኋለን። ዳቦውንም እንቆርስላችኋለን፤ ማሊያችሁን ሳንጠይቅ።