ትራስ ላይ የጋለው ላፕቶፕ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሳሎን ገብቼ ሶፋው ላይ እጄን ባሳርፍ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር የነካሁ መሰለኝ። የልጅ ልጄ ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስቀምጦት ሄዷል፤ ማራገቢያው ይጮኻል። «አንተ ልጅ፣ ይህን ዕቃ ምን እያሠራኸው ነው?» ብል ከመኝታ ቤት ሆኖ «እማማ፣ የካንሰር ምርምር ነው፤ እንዳታጠፊው!» አለኝ።

አላጠፋሁትም፤ «ና አስረዳኝ» አልኩት። ሶፍትዌሩ ቦይንክ ይባላል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራና በነፃ የሚገኝ ነው። ተመራማሪዎች ከባዱን ስሌት ይቆራርጡና ኮምፒውተራቸውን ለፈቀዱ ሰዎች ያከፋፍላሉ፤ የእያንዳንዱ ቤት ላፕቶፕ ድርሻውን ሠርቶ ይመልሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ የቲቢ ባክቴሪያን ሽፋን የሚያጠና ሥራ ተጀምሮ እንደነበር ሲነግረኝ ልቤ ራራ። ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት መዋጥ የሚያስመርራቸውን፣ «ተሽሎኛል» ብለው ጠፍተው ብሰው የሚመለሱትን ሳስታምም ነው ያረጀሁት።

ታዲያ ለምን ጋለ? ላፕቶፑ ስምንት ኮር አለው። ልጁ አራቱ ብቻ እንደሚሠሩ አይቶ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ «ኮምፒውቲንግ ፕሪፈረንስስ» የሚለውን ከፍቶ 50 የነበረውን 100 አደረገው። እዚያ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መስመሮች አሉ፤ ወላጆች ብታዩዋቸው ደግ ነው። አንዱ ከኮሮቹ ስንት በመቶው ይሥሩ የሚል ነው። ሌላው የገቡት ኮሮች ከጊዜያቸው ስንት በመቶውን ይሥሩ ይላል። በእኔ ቋንቋ፣ የመጀመሪያው ከስምንት ነርሶች ስንቱ ተረኛ ይሁን ማለት ነው፤ ሁለተኛው ተረኞቹ ስንት ጊዜ ሻይ ይውጡ። የእኔ ልጅ ስምንቱንም አስገብቶ ሻይ ከልክሏቸዋል! ደግሞ ሁለቱም 100 ሆነው ሁሉም ኮር ላይሠራ ይችላል፤ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ካነሰ አንዳንዱ ሥራ ተራ ይጠብቃል። ነርስ ሞልቶ መርፌ ሲያልቅ እንደምናየው ነው።

ስምንቱም ይሥሩ ማለቱን አልጠላሁትም። የጠላሁት ትራሱን ነው። የላፕቶፕ አየር መውጫ በጨርቅ ከታፈነ ሙቀቱ የት ይሂድ? እናቱ የመሥሪያ ቤቷን ሪፖርት የምትጽፍበትም በዚሁ ነው፤ ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው።

ተከራከርን። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ አለ፤ እኔ ሰው ተኝቶ የሚግል ነገር ቤቴ ውስጥ አይኖርም አልኩ። በመጨረሻ ተስማማን። ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ባትሪ ላይ ሲሆንና ሰው ሲጠቀምበት እንዲቆም ሁለቱም ቦታ ምልክት ተደረገ። የሥራው ሰዓት ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 3 ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ ከ16 እስከ 21 ብሎ ሞላው። ኮሩን 75 በመቶ፣ ማለትም ስድስት እናድርገው ስለው አኮረፈ። እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በደብተሩ የቤት ሥራ ሲሠራ ስምንቱም ይግቡ፣ ሌላ ጊዜ ስድስት ይበቃል አልኩት። የመብራት ካርዱን ነገር ከእናቱ ጋር ይነጋገሩ፤ እኔ አልገባበትም።

አሁን ማታ ማታ ሳሎን ሳልፍ እጄን ላፕቶፑ ላይ አሳርፋለሁ። እሱ ከደብተሩ ቀና ብሎ «ስንት ዲግሪ ነው፣ እማማ?» ይለኛል።