ከመናኸሪያ እስከ ጽሕፈት ቤት፦ ደብረ ብርሃንና አንኮበር በእግረኛው ዓይን

ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ወረዳዎች ማልዶ ተነሥቶ በዞን ደረጃ የሚጨረስ ጉዳይ ይዞ ደብረ ብርሃን የሚገባ ባለጉዳይ፣ መናኸሪያ ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ እግረኛ ነው። ማስረጃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤትና ወደ ባንክ ሲመላለስ የሚውለው በእግሩ ነው። ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው በመስኮቱ ዙሪያ ስላለው ጉዳይ ነው፦ ስለ ወረፋው፣ ስለ ባለሙያው ሥነ ምግባር፣ ስለ ኔትወርኩ መቆራረጥ። በአንዱ መስኮትና በሌላው መካከል ያለው መንገድ የአገልግሎቱ አካል ሆኖ ሲቆጠር ግን ብዙም አይታይም። ሆኖም አቅመ ደካማ እናት ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ የሚመለሱት አንዳንድ ጊዜ ባለሙያ ስላጡ ሳይሆን መንገዱ ስላደከማቸው ነው።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች እየሰፋ መጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. ጎዳናዎችን በተወሰኑ ቀናት ከተሽከርካሪ ነፃ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ተጀምሯል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በትራንስፖርት ሚኒስቴር በኩል ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ይፋ ሆኗል። በአዲስ አበባ የተካሄዱ ጥናቶች ከዕለታዊ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር እንደሚከናወኑ አመልክተዋል። ከዚህ የምንረዳው እግረኛነት ተሽከርካሪ ያጣ ሰው የሚገኝበት ጊዜያዊ ሁኔታ አለመሆኑን ነው። አብዛኛው የከተማ ነዋሪ የሚጓዘው በዚህ መንገድ ነው።

የሰሜን ሸዋን ሁለት ከተሞች ለዚህ ትንታኔ መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛዋ ለእግርና ለበቅሎ የተሠራች፣ ሌላዋ ደግሞ በአውራ ጎዳና ላይ ተዘርግታ ያደገች ናት።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ያለውን ውርጫም ሜዳ አቋርጦ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ፣ ምድሩ በድንገት ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በስሟ ውስጥ «በር» የሚለው ቃል መኖሩ ለዚህ አቀማመጥ ይስማማል። የሸዋ ነገሥታት ከተማቸውን እዚህ ያቆሙት ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ ከላይ ሆኖ ለማየትና ንግዱንም ለመቆጣጠር ስለሚያመች ነው። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የሚነሡ ቅፍለቶች በረሃውን አቋርጠው ከተራራው ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ያርፉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ ልዑክም የመጣው በዚሁ መስመር ነው።

ዛሬ ወደ ቀድሞው ቤተ መንግሥት ኮረብታ የሚወጣ ሰው ይህን ታሪክ የሚረዳው በጉልበቱ ነው። ዳገቱ ተሽከርካሪን ታሳቢ አድርጎ አልተቀየሰም፤ መንገዱ ኮረብታውን ይከባል፣ ይታጠፋል፣ በየመታጠፊያው አንድ አዲስ ነገር ያሳያል፤ አንዴ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ የጥድ ቁጥቋጦ፣ አንዴ ቁልቁል የሚታይ የገብስ ማሳ። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ ሲሆን በኮረብታው ላይ ጥንታዊውን አሠራር የተከተለ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ወፍ ለመመልከት የሚመጡ ጎብኝዎችም አሉ፤ በአካባቢው ስም የምትጠራና በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍ በዚህ ገደላማ ስፍራ ትኖራለችና።

አንኮበር እንደ ከተማ የደከመችው መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላ ነው። አሁን የወረዳው መሥሪያ ቤቶች የሚገኙት ጎረቤላ ላይ፣ በመኪና መንገዱ ዳር ነው። ይህ በመላ አገሪቱ የሆነ ነገር ነው፦ መንገዱ በሄደበት ከተማው ይከተላል። የሚያሳስበው ከተማው መንገዱን መከተሉ ሳይሆን፣ ሲከተል የራሱን የእግር መንገድ፣ አደባባይና ጥላ ጥሎ መሄዱ ነው።

ይህ በግልጽ የሚታየው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ዕድሜ ጠገብ ናት። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው ቤተ ክርስቲያን አሠሩባት፤ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር የነበረው የነገሥታት ሰፈርም በእርሳቸው ዘመን ለዓመታት እዚህ ረጋ። (በጎንደር ካለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር ስሙን የሚያምታቱ ጎብኝዎች ዛሬም አይጠፉም።) በአቅራቢያዋ ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ፣ በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ስምምነት የተፈጸመባት ልቼ ይገኛሉ። የዛሬዋን ከተማ ቅርጽ በአመዛኙ የወሰነው ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣርማበር ዋሻ አልፎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃን የተዘረጋችው በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ነው።

አንድ መንገድ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ሲታዘዝ አንዱን ይበድላል። አውራ ጎዳናው ሲሚንቶ፣ ነዳጅና እህል የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎችን ሳያቋርጥ ማሳለፍ አለበት። ያው መንገድ በከተማው ውስጥ ደግሞ ዋናው ጎዳና ነው፤ ባንኩ፣ ምግብ ቤቱ፣ የባጃጅ መቆሚያው የሚገኙት በእርሱ ላይ ነው። ልጆች ለትምህርት ቤት ያቋርጡታል፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ጠዋትና ማታ በጎርፍ መልክ ያልፉበታል። ዜብራ መቀባት ብቻውን ይህን ግጭት አይፈታም፤ የተጫነ መኪና ቀለም አይቶ አይቆምምና። ፍጥነትን በአካል የሚቀንስ ከፍ ያለ ማቋረጫ፣ በመንገዱ መካከል ቆም ተብሎ የሚጠበቅበት ደሴት፣ የከተማ መግቢያን የሚያበስር የቅየሳ ለውጥ፣ ከረጅም ጊዜ አኳያም ከባድ ጭነትን ከከተማው ማዕከል የሚያወጣ ተለዋጭ መንገድ ያስፈልጋሉ።

የከተማዋ ዕድገት ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደብረ ብርሃን ነዋሪ 65,231 ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተመሠረተ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ የቢራ፣ የብርድ ልብስና ሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሳቡ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህም ከቀያቸው የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች በከተማዋና በዙሪያዋ ተጠልለዋል። በአንድ ድንኳን ወይም በተከፈለ አዳራሽ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ፣ ልጁ የሚጫወትበትና አዛውንቱ ከጎረቤት ጋር ቁጭ የሚልበት ቦታ ከቤቱ ውጭ ካልተገኘ የትም አይገኝም። የሕዝብ ቦታ ለእነርሱ ጌጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ለኮሪደር ልማት ዲዛይነሮች የሚጠቅም አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ብርዷ የታወቀ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት በከተማዋ የሚዘዋወር ሰው፣ ሰዎች የሚቆሙት የት እንደሆነ ልብ ይበል፦ ወደ ምሥራቅ በዞረ ግድግዳ ሥር፣ ነፋስ በማይገባበት ማዕዘን፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ ያገኛቸዋል። ይህ ማንም ያላቀደው፣ ሕዝቡ ራሱ የመረጠው የሕዝብ ቦታ ነው። ለሞቃታማ ከተማ የተነደፈ፣ ጥላ ብቻ የሚፈልግ የመናፈሻ ንድፍ እንዳለ ተወስዶ እዚህ ቢተከል አግዳሚ ወንበሮቹ ጠዋት ባዶ ይሆናሉ። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከጀርባው ነፋስ የሚከለክል አጥር ወይም ግንብ ያለው መቀመጫ ግን ወጪው ብዙም ሳይለያይ ሙሉ ቀን ሰው ይቀመጥበታል። በተመሳሳይ መልኩ ለዓይን የሚማርክ ለስላሳ ንጣፍ በክረምት ዝናብና በማለዳ ውርጭ ያንሸራትታል፤ ምርኩዝ ለያዘ ሰው ሸካራው ድንጋይ ይሻላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ጥቃቅን ንግድ ነው። ለእግረኛው መንገድ ይጽዳለት ሲባል ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ሊስትሮው፣ ቡና የምታፈላዋ እናት ሁሉ አብረው እንዲነሡ የሚደረግበት አሠራር ይታያል። የእግረኛ መንገድን የሚዘጋ ዕቃ መነሣት አለበት። ነገር ግን ምሽት ላይ ከሥራ የምትመለስ ወጣት ሴት ጎዳናው ደኅንነት የሚሰማት መብራቱ ስለበራ ብቻ አይደለም፤ በጎዳናው ላይ የሚያውቋት ዓይኖች ስላሉም ነው። ስለዚህ ለመሄጃ በቂ ስፋት ተለክቶ ሲቀር፣ ለአነስተኛ ንግድ የተወሰነ ቦታ በንድፉ ውስጥ ከመነሻው መያዝ ይኖርበታል። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ የሚፈለግ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ተገልጋዩ በዚህ ሁሉ ውስጥ ተመልካች ብቻ እንዳይሆን የሚያስችሉ የሕግ መሠረቶች አሉ። የከተማ ፕላን ዝግጅት መርሕ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይጠይቃል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ኅብረተሰቡ እንዲሳተፍ ይደነግጋል። የሕንፃ ሕጉ ደግሞ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ የአካል ጉዳት ያለባቸውን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙትን ጨምሮ፣ የሚያስገባ መተላለፊያ እንዲኖረው ያስገድዳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ በፎቅ ላይ ሆኖ መወጣጫ ባይኖረው፣ ባለሙያው ወደ ታች ወርዶ እንዲያስተናግድ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

መዋቅራዊ ፕላኑ በአካባቢያችሁ ለመናፈሻ ወይም ለእግረኛ መንገድ የለየው ቦታ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የምትፈልጉ ነዋሪዎች የከተማ አስተዳደሩን የፕላን ክፍል መጠየቅ ትችላላችሁ። በቤታችሁ አጠገብ የአሸዋና የጠጠር ክምር የእግረኛ መንገዱን ዘግቶ ከሆነ፣ የቦይ ክዳን ከጠፋ ወይም የመንገድ መብራት ከተቃጠለ ጥቆማው በመጀመሪያ የሚቀርበው ለቀበሌው ወይም ለክፍለ ከተማው ነው። ጥቆማው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ማስመታት በኋላ ለሚደረግ ክትትል ይረዳል።

ከልምድ እንደሚታየው «መንገዱ ተበላሽቷል» የሚል ማመልከቻ ለቡድን መሪው የሚያስተላልፈው መረጃ ጥቂት ነው። «ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ባለው መንገድ የቦዩ ክዳን በሦስት ቦታ የለም፤ ሕፃናት በጠዋት ያልፉበታል» የሚል ከሆነ፣ ባለሙያው ከቢሮው ሳይወጣ ስንት ክዳን ይዞ መሄድ እንዳለበት ያውቃል።